አርባ ቀን ያለ ስም

የሂልጌ ወንድም የሞተው ንጉሠ ነገሥቱ በሞቱ በስምንተኛው ቀን ነው። አሥር ቀን ቀድሞ ቢሆን ማንም ግድ አይሰጠውም ነበር። ሁለት ወር ቢዘገይም እንዲሁ። እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ ለሰዓት ደንታ ያልነበረው ሰው ነበርና መንግሥት እንባን በከለከለ ማግስት ሞተ።

ቬርማ ያን ጊዜ ነፃ ከወጣች አራት ወሯ ነው። ነፃነቱ በጦርነት አልመጣም። ታላቁ ግዛት የሞተው እንደ ሽማግሌ ነው፤ ከእግሩ እየቀዘቀዘ። በመጀመሪያ የባሕር ፋኖስ ጠባቂዎች ደመወዝ ቀረ። ቀጥሎ ቀራጩ ቀረ፤ የት ደረሰ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። ከዚያ ወታደሮቹ ከጦር ሰፈሩ አንድ አንድ ወንበር እየተሸከሙ በእግራቸው ወደየአገራቸው ሄዱ። በመጨረሻም በኅዳር ወር ለአገረ ገዢው ቴሌግራም መጣ፦ «ማገዶ አልቆብናል፤ ራሳችሁን ቻሉ።» አገረ ገዢው ዋና ከተማው ሊናቬር ውስጥ ሰገነት ላይ ወጥቶ አነበበው። ሕዝቡም እንዳይከፋው ብሎ አጨበጨበለት። በማግስቱ ቬርማ ሪፐብሊክ ሆና አደረች።

ሂልጌ የምትኖርበት የኩሳላ መንደር ደሴት ላይ ነው፤ ስለዚህ ነፃነቱ የደረሰው ከሳምንት በኋላ ነበር። የመጣው ለውጥ ባርኔጣ ላይ ነው። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የታላቁ ግዛት ሹም የነበረው ፕሪትስ «የሕዝብ አደራ» ተባለና ከባርኔጣው ላይ የንስሩን ጥልፍ በሚስቱ መቀስ ተረተረው። ይሁን እንጂ ከጥልፉ ሥር ያለው ጨርቅ ፀሐይ አላየም ነበር። ዙሪያው ወይቦ፣ ንስሩ የነበረበት ቦታ ጠቆር ብሎ ቀረ። ንስሩ ከበፊቱ ይበልጥ ጎልቶ ይታይ ጀመር።

የሂልጌ ጎረቤት ማልዬ ይህንን ስታይ፣ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይላሉ» አለች፤ «የኛዎቹ ጉልቻውን እንኳ መቼ ለወጡት? ገልበጥ አድርገው መልሰው ጎለቱት እንጂ።»

ሂልጌ ሙሾ አውራጅ ናት። ማንም አላስተማራትም። እናቷ ድምፅ አልነበራትም፤ አያቷንም አላወቀቻቸውም። በአሥራ አንድ ዓመቷ ላሟ ሞታባት በረት ውስጥ ብቻዋን ስታንጎራጉር ጎረቤት ሰማ። በሳምንቱ ለሰው ለቅሶ ጠሯት። ከዚያ ወዲህ በኩሳላ እሷ ሳትሸኘው አፈር የለበሰ የለም። አሁን ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው።

ሟቹ ታላቅ ወንድሟ ነው። አባታቸውን ባሕር ከወሰደው ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ሚስት አላገባም፤ እሷም ባሏን ቀብራ ተመልሳ ከእሱ ጋር ነበረች። ሥራው በየክረምቱ ባሕሩ ሲረጋ ከደሴቱ እስከ ዋናው ምድር ድረስ በበረዶው ላይ መንገድ ማበጀት ነበር። በየአርባ እርምጃው የጽድ ቅርንጫፍ ይተክላል፤ ፖስታውም፣ ሐኪሙም፣ ሙሽራውም በዚያ ያልፋል። በዚያ መጋቢት በረዶው ከዳው፤ ተሰብሮ ባሕሩ ውስጥ ጣለው። ራሱ ወጣ። ብቻውን አራት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ቤት ገባና «ትንሽ በርዶኛል» ብሎ ተኛ። በአምስተኛው ቀን ሞተ።

አሁን ስሙን መጻፍ ነበረብኝ፤ ግን ሂልጌ እስክትጠራው መጠበቁ ይሻላል። በኩሳላ ሰው ሲሞት ስሙ አርባ ቀን አይጠራም። ሟች በነዚያ ቀናት መንገድ ላይ ነው፤ ስሙን የሰማ እንደሆነ ዞር ይላል፤ ዞር ያለ ደግሞ ይመለሳል። የሚመለሰውም ወደ ጠራው ሰው ቤት ነው። መጥቶ ምድጃው አጠገብ ይቀመጣል፤ አይበላም፣ አይናገርም፣ አይሄድም። ስለዚህ ሙሾ አውራጅ ሟቹን በሥራው፣ በአካሄዱ፣ ባጎረሰው እጁ ታነሳዋለች እንጂ ስሙን አፏ ውስጥ አታስገባም። ሙሾ ሳይወርድለት የተቀበረ ደግሞ መንገዱን ጨርሶ አይጀምረውም፤ እዚያው መቃብሩ አፍ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ሪፐብሊኩ ይህንን አላወቀም። ሪፐብሊኩ የሚያውቀው ሌላ ጉዳይ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በሞቱ ዕለት ሊናቬር ገበያ ውስጥ ሦስት አሮጊቶች አለቀሱ። አንድ የባዕድ ጋዜጠኛ አያቸውና «ቬርማ ለንጉሠ ነገሥቷ አነባች» ብሎ ጻፈ። ኃያላን መንግሥታት ደግሞ ለቬርማ ዕውቅና እንስጥ አንስጥ እያሉ ገና ይመክሩ ነበር። ሚኒስትሮቹ አልተኙም። የሕዝብ ስሜት መምሪያ የሚባል መሥሪያ ቤት በአንድ ቀን ተቋቋመና ስለ እንባ መመሪያ አወጣ። ለቀድሞው ንጉሠ ነገሥት ማልቀስ ክልክል ሆነ። ለራሱ ሟች የሚያለቅስ ዜጋ ከማልቀሱ በፊት የሟቹን ስም በገዛ አፉ ጮክ ብሎ ለሹም እንዲያሰማ ታዘዘ፤ ስም ያልተጠራለት እንባ ለንጉሠ ነገሥቱ እንደፈሰሰ ይቆጠራል፤ ቅጣቱም ሦስት ዓመት እስራት ነው። ሽንኩርት የሚከትፍ በሩን ከፍቶ ይክተፍ ተባለ። የባሕር ዳርቻ ነዋሪዎች ነፋስ ለሚያመጣው እንባ በያንዳንዱ ዓይን እስከ ሁለት ዘለላ ተፈቀደላቸው።

ስለ እንባ መመሪያ ሲወጣ ግን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሟቹ ንጉሠ ነገሥት አባት ሲሞቱ ታላቁ ግዛት ሕዝቡን አስገድዶ አስለቅሶ ነበር። ያኔም ፕሪትስ ነው ቤት ለቤት የዞረው፤ ያኔም ዓይን ይመረመር ነበር፤ ደረቅ የተገኘ ይቀጣል። ሂልጌን መሐል አቁመው ሙሾ አውርጂ አሏት። አወረደች። ስም ግን አልጠራችም። ለማን እንደሆነ ካልታወቀ ምን ዋጋ አለው ብሎ መርማሪው ተቆጣ። ፕሪትስ ደንግጦ ራሱ ዘለለና የንጉሠ ነገሥቱን ስም ከነማዕረጋቸው፣ አንድም ሳያስቀር፣ በሞቱ በሦስተኛው ቀን ጮኸ። ሜዳሊያ ተሸለመበት። የኩሳላ ሰው ግን ከዚያን ዕለት ወዲህ ሽማግሌው ንጉሠ ነገሥት ፕሪትስ ቤት ምድጃ ሥር ተቀምጠዋል ባይ ነው። የፕሪትስ ጣሪያ ሲያፈስ፣ ላሙ ስትነጥፍ፣ ሚስቱ ስትነጫነጭ፣ መንደሩ ምክንያቱን ያውቃል።

እነሆ በሁለተኛው ቀን፣ ሬሳው ታጥቦ ነጭ ለብሶ ሰሌዳው ላይ እንደተጋደመ፣ ፕሪትስ መጣ። ብቻውን አልነበረም። ከደሴቱ ከተማ ከሮክና የእንባ መርማሪ ይዞ መጥቷል፤ ታምቬር የሚባል፣ ቀጭን፣ ጆሮው በብርድ የቀላ የሊናቬር ልጅ። ብብቱ ሥር ትልቅ መዝገብ ይዟል። መዝገቡ ያኔ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የተሠራበት ነው፤ «ያላለቀሱ» የሚለው ርዕስ ተሰርዞ «ያለቀሱ» ተብሎ ተጽፎበታል።

ታምቬር ባርኔጣውን አውልቆ በአክብሮት እጅ ነሳ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እማማ።»

«አብሮ ያጽናን። ተቀመጥ፣ ልጄ። ገንፎው እየተሠራ ነው።»

«አመሰግናለሁ። አንድ ትንሽ ነገር ብቻ አለች። የሟቹን ስም ጮክ ብለው ያሰሙኝና ከዚያ እንደ ልብዎ ያልቅሱ።»

«ስሙንማ አልጠራም።»

«ለምን?»

«ይመለሳላ!»

ታምቬር ፕሪትስን አየው። ፕሪትስ ባርኔጣውን እያሻሸ መሬት መሬቱን አየ።

«እማማ፣ እኔ ስሙን አውቀዋለሁ» አለ ታምቬር። «የሞት ማስረጃው እጄ ላይ ነው።»

«ካወቅኸው ታዲያ ምን ያስጠይቅሃል?»

«ማስረጃው ሰው መሞቱን ያስረዳል፤ እርስዎ ለማን እንደሚያለቅሱ አያስረዳም። በገዛ አፍ ነው የሚለው።»

«ወንድሜ እዚህ ተጋድሟል። ንጉሠ ነገሥቱ እኔ ቤት ሰሌዳ ላይ ተጋድመው ታያለህ?»

«አላይም። ግን ያየሁትን የምጽፍበት ቦታ መዝገቡ ላይ የለም።»

ከዚያ ሊረዳት ፈልጎ ይሁን ቸኩሎ፣ ማስረጃውን ገልጦ «እንግዲያው እኔ ላንብበውና እርስዎ እሺ ይበሉ፤ ሟች አቶ…» ሲል ማልዬ የድስት ክዳን አንስታ ከምድጃው ጋር አላተመችው። ለቅሶ ላይ የነበሩት ሴቶች በሙሉ ተነሡ። ማን ክዳን፣ ማን መጥበሻ፣ ማን የወተት ባልዲ። ታምቬር አፉን በከፈተ ቁጥር ቤቱ እንደ አንጥረኛ ቤት ይንጫጫል። አፉን ሲዘጋ ጸጥ ይላል። ሦስት ጊዜ ሞከረ። በአራተኛው ሊያዛጋ አፉን ቢከፍት ያንኑ ስም ሊል መስሏቸው ክዳኑን ደበደቡለት።

ፕሪትስ ሂልጌን ወደ ጓዳ ጠራት። «ስሚኝ፣ ሂልጌ። ዝም አይነቅዝም። ወይ ስሙን በይ፤ ወይ ሳታለቅሺ ቅበሪው። አንድ ቃል ናት።»

«አንተስ ቃሏን ብለሃት የለ? እንግዳህ ደኅና ናቸው?»

«ተይ፣ ሂልጌ።»

«ይበርዳቸዋል እንዴ? ወይስ አሁን ልጃቸው ሲሞት አብረው ሄዱልህ?»

ፕሪትስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ትናንትና ጭስ ማውጫው ተዘጋብን» አለ። «ጠርጌው ነበር እኮ። ሦስት ዓመት ነው፣ ሂልጌ። እሱን ከቀበርሽው በኋላ ቤትሽን ይወርሱታል። ላንቺ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለህ ከሆነማ ዝም በል።»

በሦስተኛው ቀን ቀበሩት። መሬቱ በውርጭ እንደ ድንጋይ ደርቆ ስለነበር ጉድጓዱ ላይ ሌሊቱን እሳት ሲነድ አድሯል። ሂልጌ አመዱን ረግጣ በራስጌው ቆመች። ታምቬር መዝገቡን ገልጦ በግርጌው ቆመ። የመንደሩ ሰው አንዴ እሷን፣ አንዴ እርሳሱን ያያል። ታምቬር ለመጨረሻ ጊዜ «ለማን ነው፣ እማማ?» አለ፤ የለመነ ያህል። እሷ ሻሽዋን ወደ ፊት ሳብ አድርጋ ጀመረች፦

«በበረዶው መንገድ ምልክት ተካይ፣
ለሰው አሳይተህ ላንተ ማን ያሳይ?
ጫማህን አድርቄ፣ ልብስህን አድርቄ፣
ልሸኝህ መጣሁኝ ወገቤን ታጥቄ።
ወደ ኋላ አትይ ቤቱ ሙቀት የለው፣
ምድጃው ጠፍቷል አመድ ነው የቀረው።»

ሕዝቡ አነባ። የመመሪያው ሁለት ዘለላ በመጀመሪያው ስንኝ አለቀ። ፕሪትስ ሳይቀር ጀርባውን አዙሮ በንስሩ ባርኔጣ ፊቱን ሸፈነ። ታምቬር «ሰዓት፦ ከረፋዱ አራት ተሩብ። ሙሾ አውራጅ፦ አንዲት። የተለቀሰለት፦ ያልተጠራ» ብሎ ጻፈ። ወዲያው አልያዛትም። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ገንፎ ሳይበላ አይነሣም፤ እሱም ሁለት ጊዜ አስጨመረ። ከዚያ «እንሂድ፣ እማማ» አላት። ማልዬ ጥቁር ዳቦና ጨው የበላ ዓሣ በጨርቅ ቋጥራ አስያዘቻት።

የሮክና እስር ቤት የድሮው ጉምሩክ የጨው መጋዘን ነው። ግድግዳውን የላሰ ውሃ ይጠማዋል። ሂልጌ ስትገባ ብቻዋን ነበረች፤ በሳምንት ውስጥ አምስት ሆኑ። አንዷ ባል ያስለቀሳት ናት፤ ባሏ ስላልሞተ የሚጠራ ሟች አጣች። አንዷ ለሞተች ላሟ ነው ያለቀሰች፤ የላሟን ስም እንደ መመሪያው ጮክ ብላ ተናግራለች፤ ላሟ ግን እቴጌ ነበር የምትባለው።

ወንድሟ በሞተ በዘጠነኛው ቀን ሂልጌን ፍርድ ቤት አቀረቧት። ዳኛው ኦንቴ ይባላሉ፤ በታላቁ ግዛት ሕግ ሠላሳ ዓመት የፈረዱ፣ አሁን አሥራ አንድ ገጽ በሆነው በአዲሱ ሕግ የሚፈርዱ ሽማግሌ። ከጀርባቸው የንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተሰቅሏል፤ በጀርባው የሪፐብሊኩ ዓርማ ተስሎበታል። ከሳሹ ራሱ ታምቬር ነው፤ ደሴቱ ላይ ሌላ የሚከስ የመንግሥት ሰው አልነበረም።

«ተከሳሽ፣ ያለቀሱት ለማን ነው?»

«ከሠላሳ ሁለት ቀን በኋላ ይጠይቁኝ፣ ጌታዬ። ያኔ እስኪሰለችዎ እነግርዎታለሁ።»

የኩሳላ ሰው ሳቀ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «መመሪያው ስም ጥሩ ይላል» አሉ። «የሕገ መንግሥታችን የመጀመሪያው አንቀጽ ደግሞ ታላቁ ግዛት ይንቀው የነበረው የአባቶቻችን ልማድ ከሁሉ በላይ ይከበር ይላል። ሁለቱም ማኅተም አላቸው። የቱ እንደሚበልጥ ሊናቬርን ልጠይቅ።»

የሕግ ጥያቄ በማኅተም በደብዳቤ እንጂ በቴሌግራፍ አይሄድም። ደብዳቤው ተጻፈ፤ ታሸገ፤ ለፖስተኛው ተሰጠ። ፖስተኛው ባሕሩ ዳር ደርሶ ተመለሰ። የበረዶው መንገድ ላይ ምልክት የተከለ የለም፤ ተካዩ ሞቷል። «የሚተካ ሰው ካላቆማችሁ እኔ አልሄድም» አለ። መንግሥት የሚተካ ሰው ፈለገ፤ ማንም እሺ አላለም። ደብዳቤው በረዶው ቀልጦ የመጀመሪያው ጀልባ እስኪወጣ ቁጭ አለ።

ታምቬር በየሁለት ቀኑ ወደ ጨው መጋዘኑ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን ሌሎቹ ሴቶች ውሃ ሊቀዱ በወጡበት ሰዓት የሱፍ ካልሲ አመጣላት።

«እማማ፣ ከሰው ሁሉ እኔን ጨካኝ አደረጉኝ» አላት። «አሁን እኔና እርስዎ ብቻ ነን። ማንም አይሰማም። በጆሮዬ ይበሉኝ፤ ዛሬውኑ ቤትዎ ይገባሉ።»

«እሱም ይገባል።»

«እንዲያውም ጥሩ አይደለም?» አለ ታምቬር፤ እንደ ቀልድ።

ሂልጌ አልሳቀችም። እሱ ከሄደ በኋላ ቃሉ ከእሷ ጋር ቀረ። እስከዚያች ቀን ድረስ ስሙን አለመጥራት ከመንግሥት ጋር የሚደረግ ግብግብ ነበር፤ ይህ ደግሞ ቀላል ነው። አሁን ግን ሌላ ሆነ። አንድ ቃል ብትል ይመጣል። ቤት ስትገባ ምድጃው አጠገብ፣ በዚያች እግሯ በተሰበረች ወንበሩ ላይ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀምጦ ታገኘዋለች። አይበላም እንጂ ታየዋለች። አይናገርም፤ ድሮስ መቼ ይናገር ነበር? በቀን ዐሥር ቃል ከተናገረ በዓል ነው። እኩለ ቀን ላይ ጥግ ይዛ ተቀምጣ ስሙ ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣ። ከንፈሯን በእጇ ያዘች።

ደግሞ ካፖርቱ ትዝ አላት። ከባሕሩ ወጥቶ ሲገባ ውሃው ከእጅጌው ይንጠባጠብ ነበር፤ ወለሉ ላይ ኩሬ ሠርቶ ነበር። እሷ ነበረች አውልቃ ያደረቀችለት፤ ደረቅ ልብስ ለብሶ ነው የሄደው። ከመንገድ የተጠራ ሰው ግን እንዴት ሆኖ እንደሚመጣ ማን ያውቃል? እንደዚያን ዕለት እንደ ራሰ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ዕድሜዋን ሙሉ «ትንሽ በርዶኛል» እንኳ ሳይላት ቢቀመጥስ? እጇን ከከንፈሯ አላወረደችም። እስኪመሽ እንደዚያው ቆየች።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ጀልባው መልሱን አመጣ። የሕዝብ ስሜት መምሪያ እንዲህ ይላል፦ ልማድ የሚከበረው መንግሥትን እስካልነካ ድረስ ነው፤ ተከሳሿ ስም ትጥራ፤ ካልጠራች ያለቀሰችው ለንጉሠ ነገሥቱ ነው፤ በማግስቱ ይፈረድ።

በማግስቱ ማለት ሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ነው። የኩሳላ ሰው እየተጋፋ ገባ። በሩ ላይ ድስትና ክዳን ተነጥቋል። ማልዬ እንዳለፈች «ሁለት ቀን፣ ሂልጌ! ሁለት ቀን ብቻ!» አለች፤ ሁለት ቀን ገበያ ላይ የሚሸጥ ነገር ይመስል።

ዳኛ ኦንቴ ፊታቸው ጠቁሯል። «ተከሳሽ» አሉ፣ «ካሁን በኋላ እኔ የማደርገው የለኝም። ስም ይጠራሉ ወይስ ልፍረድ?»

ሂልጌ ቆመች። ሌሊቱን ሁሉ አስባለች። «ጌታዬ፣ እኔ ያልተማርኩ ነኝ፤ አንድ ነገር ልጠይቅ። ለሰው አልቅሰሻል ብላችሁ ልትፈርዱብኝ ነው። ለማን?»

«ለቀድሞው ንጉሠ ነገሥት።»

«የቱ? ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሞቱትም የቀድሞ ናቸው። እሳቸውም አንድ ስም ብቻ አልነበራቸውም። እኔ ስም ካልጠራሁ ጥፋተኛ ነኝ፤ እናንተስ ሳትጠሩ ልትፈርዱ ነው? እናንተ ጥርት ያለ ስም ጥሩልኝ፤ ከዚያ የኔን ታያላችሁ።»

ዳኛው መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። ሠላሳ ዓመት የለመዱት ነገር ደስ አሰኛቸው። «ልክ ናት» አሉ። «ክስ ላይ የተጠቀሰ ሰው በሙሉ ስሙና በሙሉ ማዕረጉ ይገለጽ ይላል ሕጉ። ከሳሽ፣ ያንብቡ።»

ታምቬር ከመዛግብት ክፍል የማዕረጉን ዝርዝር አስመጣና ቆሞ ጀመረ። የሰባት ባሕሮች ጠባቂ አለ። የሁለቱ ወንዞች ጌታ አለ። አሥራ አንደኛው መስመር ላይ ሲደርስ ድንገት አፉን ዘጋ።

«ይቀጥሉ» አሉ ዳኛው።

«አልችልም።»

«ለምን?»

«‹የቬርማ ጌታ› ይላል።»

በሪፐብሊኩ ፍርድ ቤት ቆሞ ንጉሠ ነገሥቱን የቬርማ ጌታ ማለት ስቅላት ያስፈርዳል፤ ከአሥራ አንዱ የሕግ ገጾች ሁለቱ ስለዚህ ብቻ ነው የሚናገሩት። ዘሎ ማለፍ ደግሞ ስሙን ጎዶሎ ያደርገዋል፤ በጎዶሎ ስም ሰው አይታሰርም። ዳኛው ፕሪትስን ጠሩት። «እርስዎ በቃልዎ ያውቁታል አሉ። ከዚህ በፊት ብለውታል።»

ፕሪትስ ከወንበሩ ሳይነሣ ሁለት እጁን አነሣ። «አንዱን ገና ማስወጣት አልቻልኩም፣ ጌታዬ! አርባቸው አልፏል ቢባልም እኔ አልደፍርም፤ ልጃቸውን ደግሞ የት ላስቀምጣቸው ነው?»

ታምቬር ሮጦ ወደ ቴሌግራፍ ቤት ሄደ። ይህ የሕግ ጥያቄ አይደለም፤ የነፍስ ጉዳይ ነው፤ ማኅተም አያስፈልገውም። ሚኒስትሮቹ ተሰበሰቡ። ያን ዕለት ሙሉ፣ በማግስቱም ሙሉ ተከራከሩ። መልሱ በአርባ አንደኛው ቀን ጧት ደረሰ፤ ሁለት ቃል ናት፦ «በለሆሳስ ይነበብ።»

ታምቬር ዝርዝሩን ወደ አፉ አስጠግቶ አሥራ አንደኛዋን መስመር ለገዛ ደረቱ አነበባት። ዳኛው እንደሰሙ ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲህ ተከሳሽ» አሉ፣ «ያለቀሱት ለማን ነው?»

ሂልጌ ተነሣች። የኩሳላ ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ ይጠብቃታል፤ ማልዬ አንድ እጇን አውጥታ አርባን የሚያሳይ ነገር በጣቷ ስትፈልግ ነበር። ሂልጌ ራሷም ይህችን ሰዓት ስትጠብቅ ነው የከረመች፤ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ አሸንፋ፣ በሠርግ ላይ እንደሚጠራ ስም ልትጠራው ነበር ያሰበችው።

«ለዩህካም» አለች።

ቃሉ ከአፏ ወጥቶ አዳራሹ መሐል ቆመ። ሳታስበው ወደ በሩ ዞረች። በሩ እንደተዘጋ ነው። ወለሉ ደረቅ ነው። የተጠራ ስም ነበር፤ የሚዞር ሰው ግን የለም፤ ደርሷል። እስካሁን ስሙ ምላሷ ሥር ነበርና ከእሷ ጋር የነበረ ያህል ነበር፤ አሁን የትም የለም።

«ዩህካም» አለች ደግማ። ተቀመጠችና ታለቅስ ጀመር። ሙሾ አልነበረም። ግጥም የለውም፤ ዜማ የለውም፤ በአሥራ አንድ ዓመቷ በረት ውስጥ ያለቀሰችውም እንዲህ አልነበረም። ስሙን ብቻ ነው የምትለው።

«በቂ ነው፣ እማማ» አሉ ዳኛው ቀስ ብለው። «ተመዝግቧል። ነፃ ነዎት።»

እሷ አልሰማቻቸውም። የኩሳላ ሰው ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ታምቬር መዝገቡን እንደ ገለጠ ነበር። መመሪያው ስም ሲጠራ ይጻፍ ነው የሚለው፤ ስንቴ እንደሆነ አይልም። ስለዚህ በጠራችው ቁጥር ጻፈው፤ መስመሩ ሲሞላበት ወደሚቀጥለው ወረደ።